ከሊሾው ሥር የቆየው ሎሚ

ጅቡቲ፣ ካርቲየ 1
ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውቤ፣ የልጄ እናት፣

እንደምን ከረምሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴ አንቺ እያለሽም ያው ስለነበር እሱን በመሄድሽ አላመካኝም። ልጃችን ትርሲት ደህና ናት፤ እንዲያውም ከደህናም በላይ ናት፣ ለምን እንደሆነ ትደርሺበታለሽ። እህትሽን ሰብለወርቅንም ሰላም በያት። በደወልኩ ቁጥር ስልኩን አንስታ «ተኝታለች» ስትለኝ ሁለት ዓመት ሞላት። ሃያ ዘጠኝ ዓመት በባቡር ስመላለስ ድሬዳዋ እንዲህ እንቅልፍ የሚወስድበት አገር መሆኑን አላወቅኩም ነበር።

ደብዳቤ የጻፍኩትም ለዚህ ነው፤ ደብዳቤ ጆሮ ላይ አይዘጋም። ይዛልሽ የምትመጣው ሲምቦ ናት። ታስታውሻታለሽ፣ ራስ ዲካ ሰፈር ፈረንሳዮች ቤት ተቀምጣ የምትሠራው፣ ዓርብ ዓርብ ዕረፍቷን እኛ ግቢ ሎሚው ሥር የምታሳልፈው። ነገ በባቡር አገሯ ለዕረፍት ትገባለች። ጽሕፈቴ ሽቅብና ቁልቁል ቢሄድብሽ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ ብለሽ እንዳትደነግጪ። ምክንያት አለው፤ መጨረሻው ላይ እነግርሻለሁ። ዘለሽ መጨረሻውን እንዳታነቢ ደግሞ፣ አመልሽን አውቀዋለሁ።

ዋናውን ነገር ግን አላስጠብቅሽም። ትናንት ለትርሲት ሽማግሌ መጣ! መልስ አልሰጠሁም፤ ያለ እናቷ መልስ የለኝም አልኩ። ቀጠሮው ህዳር 12 ነው፣ ያንቺው ሚካኤል፣ ፆመ ነቢያት ሳይገባ። አንቺ ካልመጣሽ መልስም የለም፣ ድግስም የለም። እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ ላጫውትሽ።

ዘንድሮ ጅቡቲ ዘነበ። የዚህን አገር ዝናብ ታውቂው የለ፣ ዓመት ሙሉ ጠፍቶ ይከርምና አንድ ቀን ያለፈውን ሁሉ ካሳ ይዞ ይመጣል። ጥቅምት በገባ በስምንተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ባሕሩ በኩል ጠቆረ፣ ከዚያ ወረደ። ምኒልክ አደባባይ የካፌዎቹ ወንበሮች ሲንሳፈፉ ትርሲት በዓይኗ አይታለች፤ ከፋርማሲው ሥራዋ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ እየሳቀች፣ በስብሳ ገባች። ሰፈሩ በሙሉ መንገድ ላይ ወጥቶ ይዘላል። እኔም በሩ ላይ ቆሜ ስስቅ፣ ውሃው ከኋላዬ በጓሮ በር ገብቶ አልጋው ሥር ደርሶ ኖሯል።

ለምን እንደገባ ታውቂያለሽ። ግቢው ሊሾ ነው፤ ውሃው መግቢያ የለውም። አልጋው ላይ ወጥቼ ጫማዬን ታቅፌ ተቀመጥኩ። በግድግዳው በኩል የጎረቤታችን የማይሙና ድምፅ መጣ። አንቺ ያስተማርሻት አማርኛ ስትቆጣ የበለጠ ያምርባታል።

«በዕውቀቱ! ያን ድንጋይህን ስበረው!»

«የቱን ድንጋይ?»

«ራስህ ያፈሰስከውን! ወላሂ አሁን ካልሰበርከው ግድግዳውን ዘልዬ መጥቼ እሰብረዋለሁ። ያንተ ውሃ ወደ እኔ ቤት እየመጣ ነው።»

ያቺ ሴት ስልሳ ዓመት አልፏታል፣ ግን እንደምትዘልል አልተጠራጠርኩም።

ውቤ፣ የዚያን ሊሾ ነገር ሁለት ዓመት አፌ ላይ ይዤው ቆይቻለሁ። እናትሽን ልትቀብሪ ድሬዳዋ ሄድሽ። አርባዋን አውጥተሽ፣ ጥቁርሽን ለብሰሽ ተመለስሽ። በሩን ስትከፍቺ ሎሚው የለም፣ መደብሽ የለም፣ ግቢው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሲሚንቶ ነው። ቦርሳሽን እንኳ ከትከሻሽ አላወረድሽም። «አፈሩስ?» አልሽኝ። «ከሥሩ ነው ያለው» አልኩሽ። ዞረሽ ወጣሽ፣ ድሬዳዋ ገባሽ። እኔ ደግሞ የሚከራይ ክፍል ልሠራበት ነው እያልኩ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም ሳወራ ከረምኩ። ክፍሉ አንድ ብሎኬት አልተደረደረለትም።

ይኸውልሽ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል ከከይረዲን ቤት ድጅኖ አስመጣሁ። ከይረዲን ከሐዲድ ጥገና ዘመናችን ጀምሮ የማይጥለው ዕቃ የለም፣ ድጅኖውን ሲያቀብለኝ «አሁን ገና ጡረታህ አለቀ» አለኝ። ትርሲት መብራት ይዛልኝ፣ ውሃው እስከ ቁርጭምጭሚቴ፣ ሎሚው የነበረበት ቦታ ላይ መታሁት። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሰባቴ። ስምንተኛው ላይ ተሰነጠቀ። ያ ሁሉ ውሃ ዥው ብሎ ገባ! ከዚያ ሽታው መጣ። የጅቡቲ መሬት ዛጎልና ጨው ነው፣ ሲርስም የሚሸተው ባሕር ባሕር ነው። ይኼ ግን የአፈር ሽታ ነበር፣ ክረምት የጠጣ የአገር አፈር።

ትዝ አይልሽም? ባቡሩ ከድሬዳዋ በተመለሰ ቁጥር አንድ ኬሻ አፈር ስጭንልሽ። ተቆጣጣሪዎቹ ኬሻውን እየፈቱ ከሥሩ ሌላ ነገር የደበቅኩ መስሏቸው በእጃቸው ይምሱ ነበር። አንቺ ደግሞ ለጎረቤት «የሰው ባል ሽቶ ያመጣል፣ የኔ አፈር ያመጣል» እያልሽ ትስቂብኝ ነበር። እየሳቅሽ ታለቅሺ እንደነበርም አይቻለሁ።

እዚያው ጉድጓዱ አጠገብ በጉልበቴ ተንበርክኬ ቀረሁ። ትርሲት መብራቱን ፊቴ ላይ አበራችብኝ።

«አባዬ፣ ምን ሆንክ?»

«ዝናቡ ነው» አልኳት።

«ዝናቡ ካቆመ ቆየ እኮ» አለች፣ መብራቱንም ወደ ሌላ አዞረችልኝ። ልጅሽ አስተዋይ ናት።

በማግስቱ የቀረውን ሰበርን። የሲሚንቶውን ስብርባሪ በጋሪ አስወጣሁ። ይኼን ጊዜ ማይሙና በግድግዳው ላይ አንድ የዘይት ጣሳ አሳለፈች። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ በጠቅላላው አሥራ አንድ ጣሳ! ጤና አዳምሽ፣ በሶብላሽ፣ ሪሃንሽ፣ ናናሽ፣ ያ እንደ ሰው የምታናግሪው ቃሪያ እንኳ። ሲሚንቶው ሊፈስስ ሲል በሌሊት ተሸክማ ወደ ግቢዋ አሳልፋቸው፣ ሁለት ዓመት በልብስ ማጠቢያ እጣቢዋ እያጠጣች አቆየቻቸው። ለእኔ አንድም ቀን ትንፍሽ አላለችም። ለአንቺ ግን በስልክ ስትነግርሽ እንደነበር ትናንት አመነች። ለካ አንቺ ለእኔ ብቻ ነው የምትተኚው!

አሁን ግቢውን ብታዪው! ጥቅምትን እንዳለ እየዘነበ፣ አየሩ ቀዝቅዞ፣ ያ የበጋው የሚለበልብ የከምሲን ነፋስ የሚባል ነገር በሌላ አገር የሚነፍስ ይመስላል። ማንም ያልዘራው ዱባ ከስንጥቁ ወጥቶ ወደ ማይሙና ግድግዳ እየተጎተተ ነው፤ ሲያፈራ ፍሬው የማን ይሁን እያልን ከአሁኑ ክርክር ጀምረናል። ጎመኑ ጣት አክሏል። ጠዋት ጠዋት ሻዬን ይዤ እወጣና ቅጠል ላይ የቀረውን ጠብታ ስቆጥር ፀሐይ ይወጣብኛል። ቃሪያሽን እኔም ማናገር ጀምሬያለሁ፤ መልስ አይሰጠኝም፣ እሱም ካንቺ ጋር አድሟል።

ጥቅምት 18 ቀን ጠዋት ነው ትርሲት ከግቢው የጮኸችው። እባብ መስሎኝ መጥረጊያ ይዤ ወጣሁ። ተንበርክካለች። ሎሚው የነበረበት፣ ሲሚንቶው ከበላው ጉቶ ጎን፣ የጣቴን ግማሽ የሚያህል ቀንበጥ ወጥቷል። አላመንኩም። አንዷን ቅጠል በጣቴ አሸት አድርጌ አፍንጫዬ ላይ ያዝኳት። ሎሚ ነው ውቤ! ያው ሎሚሽ ነው! በእጄ ቆርጬው፣ በሲሚንቶ አፍኜው፣ ሁለት ዓመት ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ጠበቀን። ከዚያ ወዲህ አንድ ስንዝር አድጓል። ትርሲት ዙሪያውን በድንጋይ ከባዋለች፣ እኔም በዚያ በኩል ሳልፍ ቀስ ብዬ ነው የምራመደው።

ወሬው ራስ ዲካ ደረሰ። የሚቀጥለው ዓርብ ሲምቦ ጓደኛዋን ነጃትን አስከትላ መጣች፣ ከነጃት ኋላ ሌሎች አራት ልጆች። ሁለት ዓመት ዓርባቸውን የትም ሲንከራተቱ ነው የከረሙት። ሳር በሌለበት መሬት ላይ ምንጣፍ አንጥፈው፣ ፀጉር እየተሠራሩ፣ የእመቤቶቻቸውን አነጋገር እያስመሰሉ ሲስቁ ሰፈሩን አናወጡት። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበሬን ወደ እነሱ አዞርኩ። ነጃት «አባባ፣ እትዬ የውብዳር መቼ ነው የሚመጡት?» አለችኝ። «በቅርቡ» አልኳት። ዋሽቼ ከሆነ አንቺ ነሽ የምታውቂው።

እንግዲህ ወደ ትናንትናው ልምጣ። ልጁ ዮሳዲቅ ነው። አዎ፣ ያው ዮሳዲቅ! ውሃ ሲጠፋ ሁለት ጀሪካን ጨው የሌለበት ጣፋጭ ውሃ ተሸክሞ ለሎሚሽ ያመጣ የነበረው፣ አሁን ወደብ ላይ ክሬን የሚነዳው። «ምን ያለ ዕፅዋት ወዳድ ልጅ ነው» ትይ ነበር። ውሃውን ለሎሚው መስሎሽ ነበር፤ ለካ ልጃችንን ነው ሲያጠጣብን የኖረው።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው፦ የልጁ አጎት፣ ልብስ ሰፊው ጫላቸው፣ ሦስተኛው ደግሞ፣ ብታምኚ፣ ከይረዲን! ከእኔ ወገን መቆም ሲገባው ኮቱን ለብሶ ከእነሱ ጋር መጣ። ወንበር ግቢ ውስጥ ደርድሬ፣ ከላይ ሸራ ወጥሬ ነበር። «ቁጭ በሉ» አልኳቸው። «ለጉዳይ ነው የመጣነው፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አለ ጫላቸው። ወጉ ነው፣ ምን ይባላል።

ጫላቸው ገና «ልጅዎን ለልጃችን» ከማለቱ ዝናቡ ወረደ። እንደ ጥቅምት ስምንቱ ነው እልሻለሁ። ሸራው ሆዱ አበጠ፣ አበጠና በአንድ ጎን ተገልብጦ ከይረዲን ላይ ተደፋ።

«ኧረ ወደ ቤት ግቡ!» አልኩ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንገባም» አለ ከይረዲን፣ ውሃው ከአፍንጫው እየተንጠባጠበ።

«ከይረዲን፣ ትታመማለህ!»

«አቶ በዕውቀቱ፣ እኔ ዛሬ ጓደኛዎ አይደለሁም፣ ሽማግሌ ነኝ።»

አርባ ዓመት «አንተ» ያለኝ ሰው «እርስዎ» አለኝ! ንግግሩ ቀጠለ። ስለ ልጁ ሥራ፣ ስለ እናቱ፣ ስለ ጠባዩ፣ ሁሉንም ቆመው፣ እኔም ከእነሱ ጋር ቆሜ፣ አራታችንም እንደ ተዘፈዘፈ ልብስ። መሃል ላይ ጫላቸውን ጭቃው አዳለጠውና ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። ማይሙና ለካ በግድግዳው ላይ አንገቷን አውጥታ እየተከታተለች ነው። «ሽማግሌ ሲቀመጥ ልጅቷ ተሰጠች ማለት ነው» ብለሽ ያስተማርሻት አንቺ ነሽ። ጫላቸው ሲቀመጥ አየችና እልልታዋን ለቀቀችው! ከማዕድ ቤት ሲምቦና ነጃት ተቀበሏት፣ ከመንገድ ማዶ ያሉት ሴቶች ቀጠሉ፣ ከዚያ የማን እንደሆነ የማላውቀው መኪና ጥሩምባውን ነፋ። ትርሲት ክንዷ ድረስ ሊጥ ይዛ ብቅ አለች። «አባዬ፣ ሰጠኸኝ እንዴ?»

«ማንም አልተሰጠም!» ብዬ ጮኽኩ። ጫላቸው እንደተነከሰ ሰው ብድግ አለ። ከይረዲን እጁን አንስቶ ፈረደ፦ «ይህ የጭቃ መቀመጥ ነው፣ አይቆጠርም።» ሳቅ መጣብኝ፣ ግን የልጅቷ አባት ስለሆንኩ ፊቴን አኮማተርኩ።

ከዚያ መልሴን ጠየቁኝ። ያሰብኩት ንግግር ነበረኝ፣ ሁሉም ጠፋብኝ። «የልጅቷ እናት የለችም» አልኩ። «ይቺን ልጅ ያሳደገች እሷ ናት። ይኼን የቆማችሁበትን አፈርም ሰው ያደረገችው እሷ ናት። ቃሉ የእሷ ነው፣ እኔ ያለ እሷ አፍ የለኝም።» ትርሲት ከበሩ ላይ ሰማችኝ። በዓይኗ የተናገረችኝን ስትመጪ ራሷ ትንገርሽ።

ቀጠሮ ከተቆረጠ በኋላ ሽምግልናው ለዕለቱ አበቃና እንግዳ ሆኑ። ደረቅ ልብስ አወጣሁላቸው። ጫላቸው የባቡር ዩኒፎርሜን ለበሰ፣ ከይረዲን ሽርጤን አገለደመ፣ አጎትየው ያንቺን ጋቢ ተከናነበ። ዓርብ ስለነበር ገበታው የፆም ነው፤ ሽሮ በራስሽ በሶብላ፣ ማይሙና የጠበሰችው የምስር ሳምቡሳ፣ ከጣሳው የተቀጠፈ ቃሪያ። ዮሳዲቅ ወግ አይደለም ተብሎ ውጭ ጥግ ላይ ሲጠብቅ ቆይቶ ኖሮ፣ እሱም እንደ ድመት ረጥቦ ተጠርቶ ገባ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ልጆቹ ያጨበጭባሉ፣ ጫላቸው በዩኒፎርሜ ተነስቶ ጨፈረ። ቤታችን እንዲህ ሲሞላ ካየሁ ስንት ጊዜዬ። የጎደልሽ አንቺ ብቻ ነበርሽ፤ ቦታሽንም ማንም አልተቀመጠበትም፣ ትርሲት ትራስ አስቀምጣበት ነበር።

ሲሰነባበቱ ከይረዲንን በር ላይ ያዝኩት። «እባክህ፣ እናንተው ድሬዳዋ ሂዱና ከውቤ ጋር አስታርቁኝ» አልኩት። አሁን እንደ ድሮው «አንተ» አለኝ።

«በእኛ እግር? ስማ በዕውቀቱ፣ እኛ ዛሬ ለልጅህ አንድ ሰዓት ሙሉ ዝናብ ላይ ቆመናል። አንተ ለሚስትህ ስንት ሰዓት ቆምክ?»

ይህን ብሎኝ ሄደ። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ፣ ጠዋትም መልሱን አገኘሁት፤ አንድም ደቂቃ አልቆምኩልሽም።

ስለዚህ እውነቱን ልንገርሽ። ክፍል ልሠራ አልነበረም። ቀንቼ ነው። አሮጌው ባቡር ቆመ፣ እኔም ቤት ዋልኩ። ዓርብ በመጣ ቁጥር ግቢው ይሞላል፣ ሁሉም «እትዬ የውብዳር፣ እትዬ የውብዳር» ይላል፣ እኔን ወንበርህን ወዲያ በል የሚለኝ እንጂ እንዴት ዋልክ የሚለኝ የለም። አፈሩን ያመጣሁት እኔ ነበርኩ፤ ከእንግዲህ የማመጣው ነገር እንደሌለኝ ያ አትክልት በየቀኑ የሚነግረኝ መሰለኝ። አንቺ እናትሽን በምታለቅሺበት ሰሞን፣ እኔ በቁጭቴ የወደድሽውን ቀበርኩብሽ። ይቅር በይኝ። ይህን ቃል አንቺ ቆመሽ ሳለሽ፣ ቦርሳሽ ትከሻሽ ላይ ሳለ ማለት ነበረብኝ።

በደብዳቤው ውስጥ አንዲት የሎሚ ቅጠል አለች። ያለን አሥራ አራት ስለሆነ አንዷን ለመቅጠፍ ከትርሲት ጋር ተጣልቻለሁ። አሸት አድርጊያት።

አሁን ስለ ጽሕፈቴ። ከጠዋት ጀምሮ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ቆሜ ነው፣ ወረቀቱን ፍሪጁ ላይ አድርጌ። ፍሪጁ ሞተሩ ሲነሳ ይንቀጠቀጣል፣ ስለዚህ ፊደሉም አብሮ ይንቀጠቀጣል። ትርሲት ሦስት ጊዜ ወንበር አምጥታልኝ ሦስት ጊዜ መልሻታለሁ። ጉዳይ ይዤ ነው የመጣሁት፣ ጉዳዬ ሳይሰማ አልቀመጥም። ሲምቦ ይህን ስትሰጥሽ ግን ቁጭ አድርጊያት፣ ምሳም አብያት፤ እሷ ምንም አላጠፋችም።

ሚካኤል በክንፉ ይጋርድሽ። የእናትሽን ነፍስ ይማር። የሰብለወርቅን ቤት ይባርክ፣ ሁለት ዓመት ስላሳደረችልኝም እግዜር ይስጥልኝ። ለልጃችን ደግሞ እንደ እናቷ ታጋሽ፣ እንደ አባቷ ዘግይቶ የማይነቃ ባል ይስጥልን።

ህዳር 11 ከድሬዳዋ የሚመጣውን ባቡር ናጋድ ጣቢያ እጠብቀዋለሁ። አዲሱ ጣቢያ ወንበር ሞልቶታል። እኔ ግን ቁጭ በል እስክትዪኝ ድረስ ቆሜ ነው የምታገኚኝ።

ባልሽ፣
በዕውቀቱ